በአጨዳ ወር ክፍሉ እንዳይጎድል፦ ለርዕሰ መምህራንና ለወላጆች

የጎጃም ገጠር ትምህርት ቤት ዓመቱ የሚበላሸው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ጤፉ ይታጨዳል፣ ውቂያው ይከተላል፣ ክፍሉ ይሳሳል። 60 ተማሪ ካለበት ክፍል 20ዎቹ ለሁለት ሳምንት ቢቀሩ፣ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ በሚሰጠው ሒሳብ ብቻ እያንዳንዳቸው 10 ክፍለ ጊዜ ያጣሉ፤ በ40 ደቂቃ ሲሰላ 400 ደቂቃ ነው። መምህሩ ወደፊት ቢሄድ 20ዎቹ ይጠፉበታል፤ ቢጠብቃቸው 40ዎቹ ይሰለቻሉ። ሲጠብቅ መጽሐፉ አያልቅለትም፣ ወቀሳው እሱ ላይ ያርፋል፣ እሱም ቀስ በቀስ ማርፈድ ይጀምራል። ልጁን ከቤት ያስቀረው ወላጅ መምህሩንም አብሮ አዳክሞታል።

መስከረም ላይ ማሳውን ይወቁ

የትምህርት ካላንደሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ማሳው ግን ይለያያል። በጮቄ ዙሪያ ያለው ደጋ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ወይናደጋው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ማሽላ ይመጣል። የቆጋ መስኖ ባለበት ሜጫ በጋውም የሥራ ወቅት ነው። ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላትን ሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ጎጥ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አጨዳው መቼ ይገባል? ስንት ቀን ይፈጃል? ልጆች የሚፈለጉት ለየትኛው ሥራ ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚቀረው ከብት ለመጠበቅ፣ ምሳ ለማድረስ ወይም ታናሹን ለመያዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ መፍትሔው ሌላ ነው። ከብቱን ሦስት አራት ጎረቤት በተራ ያስጠብቃል። ሰው ያነሰው ቤት፣ በተለይ እናት ብቻዋን የምታሳድግበት፣ ወተመህ ደቦ ቢያስወጣላት ልጇ አይቀርም። ፈተናም በእነዚያ ሳምንታት ላይ አይጣል።

ስም ጥሪው ሥራ ይሥራ

ስም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይጠራ፣ ከዕረፍት በኋላም ይደገም፤ ለጠዋቱ ብቻ ብቅ ብሎ የሚሄድ አለ። አንድ ቀን ሲቀር የክፍል ኃላፊው ከዚያው ጎጥ የሚመጣ ልጅ ይጠይቅ። ሁለተኛው ቀን ለወላጅ ይደወል። ሦስተኛው ቀን የወተመህ አባልና መምህሩ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ሳምንት ከቆዩ ልጁ ራሱ ኋላ መቅረቱን አይቶ ያፍራል፣ ሥራው ቢያልቅም አይመለስም።

ቤት ሲደርሱ «ልጅዎን ለምን አስቀሩ?» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል። «ጋሼ፣ አጨዳው ስንት ቀን ቀረዎት?» ይበሉ። መልሱ «አራት ቀን» ከሆነ አብረው ያስሉ፦ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ቢያግዝዎትስ? ወላጁ በራሱ አፍ የቆረጠው ቀን ይጠበቃል።

ሴት ልጅ ስትቀር ግን ሦስት ቀን አይጠበቅም። ከገና በኋላ ጥር የሰርግ ወር ነው። የስድስተኛ፣ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ልጅ በዚያ ሰሞን ከጠፋች በዚያው ቀን ይጠየቅ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ለአባትም ለእናትም በግልጽ መንገር የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ወላጅን የሚጠሩበት ቀን

ስብሰባ የሚከሽፈው በቀን አመራረጥ ነው። ገበሬው በወር በዓል፣ በ12፣ በ21፣ በ27 ወይም በ29፣ አያርስም፣ አያጭድም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ክፍት ነው። ከእነዚህ አንዱ በሥራ ቀን ሲውል ወላጅም መምህርም ይገኛሉ። ከቅዳሴ መውጫ በኋላ 45 ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛው ስህተት ወላጅን ለመዋጮና ለጥፋት ብቻ መጥራት ነው፤ እንዲህ የለመደ ወላጅ ሲጠራ ልቡ ይደነግጣል። ቢያንስ አንዱ ስብሰባ ስለ ገንዘብ ምንም የማይነሳበት ይሁን፦ ወላጆች በየልጃቸው ክፍል ይቀመጡ፣ መምህሩ የእያንዳንዱን ደብተር ገልጦ ያሳይ።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ልጁን መከታተል ይችላል። መምህሩ በየቀኑ በገጹ አናት ላይ ቀን ያስጽፍ። ወላጁ ማታ ደብተሩን አስገልጦ ከትናንቱ ወዲህ አዲስ ገጽ መኖሩን፣ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ማረፉን ይይ። ከዚያ «ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ይበል። ልጁ ለማስረዳት ሲሞክር ያልገባውን ራሱ ያገኘዋል። ከእራት በፊት አንድ ሰዓት ብርሃንና ጸጥታ ይስጡት፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ውኃውና እንጀራው ለወንድሟም ካልተካፈለ ያ ሰዓት አይገኝም።

ርዕሰ መምህሩ ለመምህሩ

ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ ይገኙ፤ ወረዳ ከተጠሩ ምክትልዎ ይቁሙ። በክፍለ ጊዜ ውስጥ የመምህራን ስብሰባ አይጥሩ። የክፍል ምልከታ ሲያደርጉ 40 ደቂቃውን ሙሉ ከኋላ ይቀመጡና ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ መምህሩ ስንት ልጅ ጠየቀ? ከኋላ ወንበር ስንቱ መለሰ? ደብተር ታረመ? በዚያው ቀን ለብቻ ተቀምጠው መጀመሪያ የሠራለትን፣ ቀጥሎ አንድ የሚሻሻል ነገር ብቻ ይንገሩት። ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና መሙያ ብቻ ከሆነ መምህሩ ለዚያ ቀን የተጠና ትምህርት ያቀርባል፣ በማግስቱ ወደ ነበረው ይመለሳል።

የቀሩት ሲመለሱ ያለፈውን ሁሉ መድገም አይቻልም። ከየትምህርቱ ቀጣዩን የሚሸከሙ ሁለት ሦስት ርዕሶች ይመረጡ፤ ክፍልፋይን ያላወቀ ልጅ መቶኛን አይችልም። እነዚህ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት በኋላ በ30 ደቂቃ ይሰጡ፤ ያልቀረ ልጅ የደብተር ጓደኛ ሆኖ ይመደብለት። በየካቲት መጀመሪያ የስም መጥሪያውን ገልጠው የትኛው ጎጥ በየትኛው ሳምንት እንደጎደለ ይጻፉ፤ የሚቀጥለው መስከረም ውይይት ከዚያ ወረቀት ይጀምር።