ምልክቱ እዚህ፣ ጥፋቱ እዚያ፦ በመኖሪያ መኪና ለሚጓዙ ጥንዶች ችግርና መፍትሄ

እኔና ባለቤቴ ቤታችንን በጎማ ላይ አድርገን ዓመቱን ሙሉ መጓዝ ከጀመርን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በመጀመሪያው ዓመት ከፈታታናቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ጤነኞች ነበሩ። የታመመው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሳለ እኛ ምልክቱ የታየበትን ስንበረብር ያልተበላሸውን አበላሸን። መኝታ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያና ሞተር በጥቂት ካሬ ሜትር ውስጥ ሲታጨቁ አንዱ የሌላውን በሽታ ይናገራል። ማቀዝቀዣው የሚያማርረው ስለ መሬቱ መዝመም ሊሆን ይችላል፤ የፍራሹ እርጥበትም የሚመሰክረው በራሳችን እስትንፋስ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የደረደርኩት በዕቃው ስም ሳይሆን ዓይንና አፍንጫ መጀመሪያ በሚያገኙት ምልክት ነው።

ማታ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፓምፑ ያቃስታል፣ ኢንቨርተሩ ይጮኻል

ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ ነው። ሦስቱም በአንድ ምሽት ከመጡ ችግሩ ሦስት አይደለም፤ ሁሉንም የሚመግበው ባለ 12 ቮልት ባትሪ አልደረሰላቸውም ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ፤ እኛ ሮጠን አይተነዋል። መጀመሪያ ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) አውጡና ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግም ኃይል ሳይሰጥም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩት። የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል፤ 12.0 አካባቢ ከሆነ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን በቮልቴጅ ልቡን አይገልጥም። ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል፤ ለእሱ የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልገዋል። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ከተደረገም ውስጡ ይጎዳል፤ ብርድ ባለበት ጠዋት ይህን አትርሱ።

ልኬቱ ደህና ሆኖ መብራቱ አሁንም ከደበዘዘ ወደ ኬብሉ ሂዱ። 1500 ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር በኩል ሲሠራ ከባትሪው 125 አምፔር ይጎትታል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት ወደ 140 ይጠጋል። ይህን ያህል ኃይል በሚያልፍበት መስመር ላይ አንድ የላላ ብሎን ቤቱን ያጨልማል፤ ሲብስም እሳት ያስነሳል። የእኛ ጉድ እዚህ ላይ ነበር። ሁለተኛ ባትሪ ገዝተን ገጠምን፤ ምሽቱ ግን እንደ ቀድሞው ደበዘዘ። በማግስቱ ባለቤቴ በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናው ስር ገባ፤ እኔ ተንበርክኬ መብራት ያዝኩለት። አሉታዊው ኬብል ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ቁልፍ ሳይነካው በሁለት ጣቱ ዞረ። ከስሩ ያለው ብረት ዝጎ፣ ሲነካ እየተፈረፈረ ዓይኑ ውስጥ ይወርድ ነበር። አሉታዊውን ኬብል ከባትሪው አላቀን ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግነውና መልሰን አጥብቀን አሰርነው። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሁለተኛው ባትሪ እስከ ዛሬ አብሮን ይዞራል፤ ሳየው አፍራለሁ።

በነገራችን ላይ የባትሪ ኬብል ሲፈታ አሉታዊው ይቀድማል፤ ሲታሰር አሉታዊው መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ቁልፉ ባጋጣሚ ብረት ሲነካ ብልጭታውን ታያላችሁ።

ባትሪው ቀን ላይ ፀሐይ እያለ የማይሞላ ከሆነ ጣሪያው ላይ ውጡ። በሶላር ፓኔል ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ከመጠኗ በላይ ጉዳት ታደርሳለች። መኪናውን ሁለት ሜትር ማስጠጋት ብዙ ጊዜ መፍትሄው ነው።

ማቀዝቀዣው በጋዝም በኤሌክትሪክም አይበርድም

በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ መጭመቂያ (ኮምፕሬሰር) የለውም። በውስጡ ያለው የአሞኒያ ቅልቅል የሚዘዋወረው በሙቀትና በራሱ ክብደት ነው፤ መኪናው ዘምሞ ከቆመ ፈሳሹ መውረድ ያለበት ቦታ አይወርድም። ለአንድ ሌሊት ሲሆን ማቀዝቀዝ ያቆማል፤ ልማድ ሲሆን ደግሞ የማሞቂያው ቱቦ ያለ ፈሳሽ እየጋለ ውስጡ በደቃቅ ክምችት ይደፈናል። ያኔ መድኃኒት የለውም። ውሃ ልክ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡና ከጎማው ስር መደገፊያ እያስገባችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ታገሡ፤ ከሞቀበት ተነሥቶ በደንብ እስኪበርድ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በሰዓት ውስጥ አልበረደም ብላችሁ መልሳችሁ አትፍቱት። የእናንተ ማቀዝቀዣ መጭመቂያ ያለው ከሆነ ግን መዝመሙ እምብዛም አያሳስበውም፤ እንዲያውም ስለ ባትሪው ወደ ጻፍኩት የመጀመሪያ ክፍል ተመለሱና ቮልቴጁን ለኩ።

ጠዋት መስኮቱ ያልባል፣ ፍራሹ ከስሩ ረጥቧል

እኛ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎን አንድ ሙሉ ቱቦ ማሸጊያ ጨርሰናል። ልዩነቱን ማወቅ ቀላል ነው። ከዝናብ በኋላ የሚመጣ፣ ሲደርቅ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ካርታ የሚጥል እርጥበት ከውጭ የገባ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ቅዝቃዜው በበረታበት ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ግን ውሃው የራሳችሁ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት በእስትንፋስና በቆዳ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ ያላነሰ የውሃ ትነት ያወጣል። ምድጃ ለኩሶ ቤት ማሞቅ ማለት ቤቱን ውሃ ማጠጣት ነው፤ ከካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋው ጋር ሲደመር ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

መፍትሄው ለሚበርደው ሰው የማይዋጥ ነው፤ በብርዱ መካከል መክፈት። የጣሪያውን መተንፈሻና ከእሱ ራቅ ያለውን አንድ መስኮት የጣት ስፋት ያህል ክፈቱ። ማሞቂያው ጭሱንና ትነቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ዓይነት ይሁን። ከፍራሹ ስር አየር እንዲያልፍ በእንጨት ርብራብ ወይም ቀዳዳ ባለው ምንጣፍ ከፍ አድርጉት። በእኛ ቤት ይህ ጉዳይ ለሳምንታት ያለ ቃል የተካሄደ ጦርነት ነበር። እኔ ከመተኛቴ በፊት መተንፈሻውን እከፍታለሁ፤ እሱ ሌሊት ተነሥቶ ይዘጋዋል፤ ጠዋት ሁለታችንም የሻገተውን የፍራሽ ጥግ እያየን ጣሪያውን እንራገማለን። አንድ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ እጄን እጁ ላይ አሳረፍኩ፤ መክፈቻው ላይ ማለቴ ነው። ምስጢሩ በዚያ ሌሊት ወጣ። አሁን እሱ በግድግዳው ወገን፣ ነፋሱ በማይደርስበት ይተኛል።

ውሃው በእርግጥ ከውጭ የሚገባ ከሆነ፣ ከምታዩት ጠብታ በላይ ያለውን ጣሪያ ብቻ አትፈትሹ። ውሃ አንድ ቦታ ገብቶ በጣሪያው አጥንት ላይ ሜትሮች ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወርዳል። በመተንፈሻው፣ በመስኮቱና በማዕዘኑ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ በእጃችሁ ዳብሱት። የተሰነጠቀውን ለጣሪያው ዓይነት በተሠራ ማሸጊያ መልሱ እንጂ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አትቀቡ፤ በኋላ ምንም ነገር በላዩ ላይ አይጣበቅም።

ይሸታል

የት ከሚለው በፊት መቼ ብላችሁ ጠይቁ። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ብቻ የሚሸት ከሆነ የጣሪያውን ማራገቢያ አጥፉና ሞክሩ። ማራገቢያው አየር ወደ ውጭ ሲጎትት፣ የማጠራቀሚያውንም ሽታ በተከፈተው የሽንት ቤት ቀዳዳ በኩል ወደ ቤቱ ይስባል። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚሸት ከሆነ ከሲንኩና ከመታጠቢያው ስር ባለው የታጠፈ ቱቦ ውስጥ መኖር የነበረበት ውሃ ተንጦ ወጥቷል ወይም ደርቋል፤ ጥቂት ውሃ አፍስሱበት። ሁልጊዜ፣ በተለይም በሙቀት ጊዜ የሚሸት ከሆነ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውሃ አንሶታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍሳሽ መስመር ጋር ተያይዞ ሲቆም ቫልቩን ከፍቶ በመተው ነው። ፈሳሹ ወርዶ ያልቅና ጠጣሩ እንደ ኩይሳ ተቆልሎ ይቀራል። ቫልቩ ይዘጋ፤ ማጠራቀሚያው ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የሳሙናውን ውሃ ልቀቁ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። ከተለቀቀም በኋላ ጠቋሚው «ሙሉ ነው» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ወረቀት ጠቋሚው ላይ ተለጥፎ ነው።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሦስት ምንጭ ሊኖረው ይችላልና አንዱ ይገድላል። ፕሮፔን በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሽታው ዝቅ ስትሉ ከበረታ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ ውጡና ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ቻርጅ እየተደረገ ያለ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ይሞቃል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ቻርጀሩን ከውጭ ምንጩ ነቅላችሁ አየር አስገቡ፣ እስኪቀዘቅዝም አትጠጉት። ሦስተኛው አያስፈራም፤ ሽታው ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ብቻ ከመጣ፣ በማሞቂያው ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ በውሃው ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር የሚፈጥረው ነው። ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ልቀቁት፣ በደንብ እጠቡት፣ ዘንጉንም በአሉሚኒየምና ዚንክ በተሠራው ተኩት።

ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ ይነሣል

ግፊቱ የሆነ ቦታ እየሸሸ ነው። በየመጋጠሚያው ስር ደረቅ ወረቀት አንጥፉና አንድ ሌሊት አሳድሩ፤ የረጠበው ይመሰክራል። ሁሉም ደርቆ ካደረ ውሃው እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ የራሱ ቫልቭ ነው። ፓምፑ ውሃ ሳይሰጥ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ከማጠራቀሚያው ወደ እሱ በሚሄደው ቱቦ በኩል አየር ይገባል፤ ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) አጥብቁ፣ ማጣሪያውንም እጠቡ።

ጋዝ ጠቋሚው ሌሊት እየቆየ ጢጥ ይላል

ባትሪውን አውጥቶ መተኛት አይታሰብም። ከኋላው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አንብቡ፤ እነዚህ መሣሪያዎች ያረጃሉ። ቀኑ ካላለፈ የቤቱ ባትሪ ቮልቴጅ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ድምፁ የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ ግን ውጡ፤ ምክንያቱን በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ፈነዳ

የመኖሪያ መኪና ጎማ ከሚያልቅ ይልቅ ያረጃል። ከባድ ጭነት ተሸክሞ ለሳምንታት በፀሐይ ይቆማል። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ግፊቱን ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ከመነሣታችሁ በፊት የምትሞሉትንም ውሃ አስቡበት፤ 150 ሊትር 150 ኪሎ ነው።

በቆምን ቁጥር እንጣላለን

ይህም ምልክት ነው፤ መንስኤውም ፍቅር ማለቁ አይደለም። እኔ ከኋላ ቆሜ «ወደ ግራ!» እላለሁ። የማን ግራ? እሱ ዞሮ ፊት ለፊት ሲያየኝ የእኔ ግራ የእሱ ቀኝ ነው። ተጎታች ለሚጎትቱ ደግሞ ይብሳል፤ ወደ ኋላ ሲኬድ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የተጎታቹ ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ምሽት በዚሁ ቃል የኋላ መብራታችንን ዛፍ ላይ ሰበርን፤ ዛፉም ሁለታችንም ያየነው ዛፍ ነበር።

ግራና ቀኝን ከመዝገበ ቃላታችን አወጣን። አሁን «ወደ ሹፌሩ በኩል» እና «ወደ በሩ በኩል» እንላለን። ከመግባታችን በፊት ሁለታችንም ወርደን ቦታውን ዙረን እናያለን፤ ቅርንጫፍ ስላለም ቀና እንላለን። እኔን በስፖኪዮው ካላየኝ ወዲያው ያቆማል፤ ምክንያት አይጠይቅም፣ አይገምትም። ምልክት የሚሰጠው ሰውም የተከፈተ መዳፍ ሲያሳይ ትርጉሙ «ቁም» ብቻ ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ ለጎረቤት ሰላምታ እጄን አንሥቼ መኪናውን መንገድ መሃል ገትሬዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠቡ ካልበረደ ሰዓቱን እዩ። የእኛን ጠቦች ጊዜ ብንጽፍ አብዛኞቹ ከመሸ በኋላ የተደረሰባቸው ማቆሚያዎች ናቸው። ከፀሐይ መጥለቅ ሁለት ሰዓት በፊት ለመቆም ተስማማን፤ ካልደረስን ያሰብንበትን ትተን በቅርቡ እናድራለን። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ስለ አቆማመጡ አይወራም። መኪናው ትንሽ ዘምሞ ከሆነ ውሃ ልኩን አንዳችን ዝም ብለን እናመጣለን።