ግላቩን ሳይሆን ቁስሉን እዩት

ነርስ ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጪ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁስል አጥባለሁ። የሁሉም ቤት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ስቴራይል ግላቭ ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃል?» ስቴራይል ማለት ምንም ጀርም እንዳይኖርበት የተደረገ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቁስሉን ነው። ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና አንድ ሁለት ቀኑ ነው? ጥልቅ ነው? አጥንት ወይም ጅማት ይታያል? ሰፊ ቃጠሎ ነው? ታካሚው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ነው? ከነዚህ አንዱ ካለ ስቴራይል ነው፤ እሱንም ባለሙያ ይሥራው። የሞተ ሥጋ መቁረጥ ካስፈለገም እንደዚያው። ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

የቆየ ቁስል ግን ሌላ ነው። ብዙ ከመተኛት የመጣ ቁስል ወይም ወራት ያስቆጠረ የእግር ቁስል ድሮውንም ባክቴሪያ አያጣውም። አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ አሠራር ይበቃዋል።

ንጹሕ ማለት ታዲያ እንደነገሩ ማለት አይደለም። እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠባል። ጎዙን (ቁስሉን የሚሸፍነውን ስስ ጨርቅ) ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አሳርፉት፤ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ገጽ ጣት አይንካው። ለማጠቢያ ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ወይም ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን ውስጥ የሰነበተውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። መቀስ ማፍላት ግን ስቴራይል አያደርገውም። በማፍላት የማይሞቱ ስፖሮች (ጠንካራ ሽፋን ያበጁ ባክቴሪያዎች) አሉ፤ እነሱን የሚገድለው በ121 ዲግሪ የሚሠራ አውቶክሌቭ የሚባል የእንፋሎት ማሽን ነው።

ባለፈው ክረምት ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ተረከዛቸው ቆስሏል። ልጃቸው ስቴራይል ግላቭ ገዝታ ጠበቀችኝ። የታጠፈውን ጠርዝ ብቻ ይዛ በደንብ አጠለቀችው። ወዲያው ስልኳ ጠራ። በዚያው እጇ ዘጋችውና ወደ ተረከዛቸው ተመለሰች። እጇን ያዝኩት። ያ ግላቭ ስልኩን ከነካ በኋላ ስቴራይልም ንጹሕም አይደለም። የወጣበት ገንዘብ አሳዘነኝ። በሱ ፈንታ ተራ ግላቭ ሁለት ጥንድ ይበቃት ነበር፤ አንዱ አሮጌውን ፋሻ ለማንሳት፣ ሌላው እጅ ታጥቦ አዲሱን ለማድረግ።

ዙሪያው ቀልቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ሕመሙን አትጠብቁ። እኚህ እናት «ኧረ ምንም አያመኝም ልጄ» ይሉኛል። ስኳር የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። እኔ ተረከዛቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሳላይ አልወጣም።