ጎጃም ገጠር እንግዳ ሲሆኑ በምግብ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ጠግቦ መድረስ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀን ላይ ቁርስ፣ ማርቆስ ላይ ምሳ፣ መኪና ውስጥ ብስኩት እየተበላ ይኬዳል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ደምበጫ አካባቢ ያለች አክስቴ ቤት ደረስኩ። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። «ምነው ልጄ፣ አልጣመህም?» አለችኝ። ሊጡን ያቦካችው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። የዚያን ዕለት ማለዳ ምጣዱን ጥዳ ስትጋግር ቤቱ በጭስ ታፍኖ እንደነበር የነገረችኝ የአጎቴ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መንገድ ላይ ቀለል ያለ ነገር ቅመሱና ሆዳችሁን ለቤቱ አቆዩት።

ሌላው በእንጀራው መልክ መፍረድ ነው። ነጭ የማኛ ጤፍ እንጀራ የለመደ ሰው ጠቆር፣ ቀላ ያለ እንጀራ ሲቀርብለት «ቸግሯቸው ነው» ብሎ ያስባል። በምዕራብ ጎጃም ዳጉሳ በሰፊው ይመረታል። እንጀራውም፣ ጠላውም፣ አረቄውም ከእሱ ይሠራል። ዳጉሳ በካልሲየም ከበለጸጉት እህሎች አንዱ ነው። ጣዕሙ ደግሞ ለብቻው ነው። ገና ከምጣድ እንደወጣ በአዋዜ ሞክሩት፣ ወይም ከእርጎ ጋር። ከተማ ውስጥ እንዲህ በቀላሉ አታገኙትም።

ጾም ሳይጠይቁ መሄድም አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የዐቢይ ጾም 55 ቀን አብዛኛው ቤት ቅቤና ወተት አይነካም። በእነዚህ ቀናት እርጎ የሚጠይቅ እንግዳ የቤቱን እመቤት ያስጨንቃል። የጾሙ ማዕድ ግን ምስኪን አይደለም። የተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን ይቀርባል። መስከረም ላይ ከሄዳችሁ የበቆሎ እሸት ከእሳቱ ላይ እየተነሳ ይሰጣችኋል። በኋላ የባቄላና የሽምብራ እሸት ይከተላል። እሸት የሚጣፍጠው በተቀጠፈበት ቀን ነው።

ሁሉን ነገር እሺ ማለትም ትክክል አይደለም። ያልፈላ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። «እማማ፣ ወተቱን ትንሽ አፍልተው ይስጡኝ» ማለት ነውር የለውም። ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው አፍንጫ መንፋትና ሳይቀምሱ መግፋት ነው። ጉርሻ ሲመጣ ግን አፋችሁን ክፈቱ። «በሞቴ» ከተባለማ ምን ይባላል?

ፎቶ፦ እጅ ሳትታጠቡ ስልክ አታውጡ። አስፈቅዳችሁ አንድ ሁለት አንሱና አስቀምጡት፤ ወጡ ይበርዳል።

ከበሉ በኋላ ብር መዘርጋት ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ምግብ ቤት ከሆነ ሂሳብ ነው፣ ይከፈላል። ሰው ቤት ግን እንግድነቱን ወደ ግብይት ይለውጠዋል። ሲሄዱ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ይዞ መግባት ይሻላል። ማር ወይም ቅቤ መግዛት ካማራችሁ የገበያ ቀን ጠይቁና እዚያ ግዙ።

በአቦል መነሳትም አለ። «ሊመሽ ነው፣ መንገድ አለብን» ብሎ የሚቻኮል ሰው ቶናና በረካው ያመልጠዋል። ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው። እህሉ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ እርጎው የተናጠበት ቅል በምን እንደታጠነ የምትሰሙት ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። «እጅዎ ይባረክ» በሏቸው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ወዲያው ተነስታ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች።