የመጀመሪያ ሞተርህ አር 6 እንዳትሆን

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ሰማያዊ ያማሃ አር 6፣ ፈጣን የስፖርት ሞተር። ከሥሯ «ይቺን ልገዛ ነው፣ እንዴት ናት?» ብሎ ጽፏል። ልጁ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ሳይክል እንኳን ከነዳ ስንት ዓመቱ።

ወዲያው ደወልኩለት። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ያልኩትን እዚህ ላይ የምጽፈው እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። አገር ቤት ሳለን ሞተር ስንል በዓይናችን የሚመጣው ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ነው፣ 100 ወይም 150 ሲሲ (ሲሲ የኢንጂኑ መጠን ነው)። አሜሪካ ሲመጣ ግን መንጃ ፈቃድና ትንሽ ክሬዲት ያለው ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ባለ 1000 ሲሲ ሞተር ይዞ ከሱቅ ሊወጣ ይችላል፣ ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ እንደ ታናሽ ወንድሜ አድርጌህ ነው የምነግርህ። እህቶችም አላችሁበት፣ ለእናንተም ነው።

እኔም የጀመርኩት በባለ 600 ስፖርት ሞተር ነው። ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው።

መጀመሪያ ጉልበቷን እንመልከት። አዲስ አበባ ላይ አራት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። ክብደቷ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። አር 6 ደግሞ ወደ 120 የፈረስ ጉልበት አላት፣ የምትመዝነው ግን 190 ኪሎ ገደማ ነው። አስላው። ቪትዝ ላይ አንድ ፈረስ ወደ 14 ኪሎ ይጎትታል። አር 6 ላይ አንድ ፈረስ ሁለት ኪሎ እንኳን አይደርሰውም። ባለ 1000ዎቹ፣ እነ ያማሃ አር 1 እና ካዋሳኪ ዜድኤክስ 10አር፣ 200 ፈረስ አካባቢ ናቸው። እነዚህ ሞተሮች በአንደኛ ማርሽ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ገና አምስት ማርሽ አለ።

«600 እኮ ትንሽ ናት፣ መካከለኛ ናት» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ አትስማው። ሲሲ ብቻውን ምንም አይነግርህም። የሃርሊ ስፖርትስተር 883 ሲሲ ኖሮት 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። የሆንዳ ሬብል 500 ደግሞ ወደ 46። አር 6 በ599 ሲሲ የእነሱን ከእጥፍ በላይ ታወጣለች፤ ምክንያቱም ኢንጂኑ በደቂቃ እስከ 16 ሺህ ዙር ገደማ እንዲሽከረከር ሆኖ ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነው። ይሄ ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። ታች በዝቅተኛ ዙር ላይ ሞተሯ ረጋ ያለች ናት። ለጀማሪ የምትመች ትመስላለች። አንድ ሳምንት ትነዳታለህ፣ «ኧረ ቀላል ናት» ትላለህ። ከዚያ አንድ ቀን ሀይዌይ ላይ ስትገባ ነዳጁን ትንሽ ጠበቅ ታደርጋለህ፣ ዙሩ ወደ 10 ሺህ ይደርሳል፣ ያቺ የምታውቃት ሞተር በሌላ ሞተር ትቀየርብሃለች። ያንን ለውጥ እጅህ ከዚያ በፊት አያውቀውም።

«እኔ እኮ አልበርም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።» ሁሉም የሚለው ይሄንን ነው። እኔም ብያለሁ፣ ያልኩትም ከልቤ ነበር። ግን ጠባይህ የቱንም ያህል የረጋ ቢሆን የጀማሪ እጅ ይሳሳታል።

እስቲ አስበው። ቀይ መብራት ላይ ቆመሃል። አረንጓዴ በራ። ፍሪሲዮኑን ትንሽ ቶሎ ለቀቅከው። ሞተሯ ወደፊት ዘለለች፣ ሰውነትህ ወደ ኋላ ቀረ። እንዳትወድቅ መሪውን ጨምድደህ ያዝክ። የቀኝ እጅህ የያዘው ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ነው። ሰውነትህ ወደ ኋላ ሲሳብ የእጅህ አንጓ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ነዳጁ ይጨምራል። ነዳጁ ሲጨምር ሞተሯ የባሰ ትስባለች፣ አንተ የባሰ ወደ ኋላ ትቀራለህ፣ እጅህም የባሰ ይከፍታል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው «ምን ሆንኩ» ብለህ ሳትጨርስ ነው። በ300 ሲሲ ሞተር ላይ ይሄ ከደረሰብህ ትደነግጣለህ፣ ሁለት ሜትር ትነቀነቃለህ፣ ልብህ እየመታ ትቀጥላለህ። በ1000 ሲሲ ላይ የፊት ጎማህ ከመሬት ይነሳል፣ አለዚያም ከፊትህ የቆመው መኪና ኋላ ላይ ትለጠፋለህ። በሁለቱም ላይ ስህተትህ አንድ ነው፣ የተለየው የተቀመጥክባት ሞተር ናት።

የኔ ደግሞ በፍሬን መጣ። እሑድ ጠዋት ነበር፣ ባዶ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ዞሬ ልመለስ ስል አንዲት የዕቃ ጋሪ በነፋስ እየተንከባለለች መጣችብኝ። መሪው ወደ ግራ ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬኑን በአራት ጣቴ ጨበጥኩት። የስፖርት ሞተር የፊት ፍሬን ሁለት ትልልቅ ዲስክ አለው፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ያለ ሞተር በሁለት ጣት ለማቆም የተሠራ ነው። ሞተሯ ባለችበት ቀጥ አለች። ከዚያ 190 ኪሎው በግራ እግሬ ላይ ጋደም አለ። የፕላስቲኩ መሰንጠቅ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፍሬቻው ተሰበረ፣ የፍሪሲዮን እጄታው ተቆለመመ፣ ቁርጭምጭሚቴ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ከእግረኛ አልፈጥንም ነበር። መንገድ ላይ፣ መኪና መሃል ቢሆንስ ብዬ ያሰብኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

አቀማመጧም ለመማር አይሆንም። መሪዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ወደፊት ታጎነብሳለህ፣ የሰውነትህ ክብደት አንጓህ ላይ ያርፋል። መሪውን የሚገፋና የተደገፈ እጅ ደግሞ ለስላሳ ሊሆን አይችልም። ቁመትህ አጠር ካለ ቀይ መብራት ላይ በእግር ጣትህ ጫፍ ነው የምትቆመው፤ የአር 6 መቀመጫ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፣ የሬብል ግን 69 ነው። መሪዋ ብዙ ስለማይታጠፍ ጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስ ለጀማሪ ፈተና ነው።

አሁን ያሉት ሞተሮች ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) አላቸው፣ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አላቸው፣ «የዝናብ ሞድ» አላቸው ትለኛለህ። እውነት ነው፣ ኤቢኤስ ያላትን ግዛ፣ ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ኩርባ ውስጥ በማይሆን ፍጥነት እንዳትገባ አይከለክልህም። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ታልፋለህ። ልምድ ያለው ሰው ገና ከሩቅ ያየውን ጠጠር ጀማሪ የሚያየው ጎማው ሥር ሲደርስ ነው። ሲደነግጥ ደግሞ ዓይኑ አደጋው ላይ ይተከላል፣ ሞተር ደግሞ ዓይን ወዳየበት ነው የምትሄደው።

ይሄ የኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልህ። የአሜሪካው የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተመዘገበው የሞተር ብዛት ጋር ሲነጻጸር የሱፐርስፖርት፣ ማለትም እንደ አር 6 ያሉ ሞተሮች ነጂዎች የሞት መጠን ከሌሎቹ ሞተሮች ነጂዎች አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት በ1981 የወጣውና ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት ደግሞ አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 ከመቶው መንዳትን በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ ያደረሱባትን ሞተር ከነዱ አምስት ወር አልሞላቸውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትልቅ ሞተር በደረጃ ነው የሚደረስበት፤ ኤ2 በሚባለው መንጃ ፈቃድ ከ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ47 ፈረስ ገደማ በላይ አይፈቀድም። እነዚህን ሞተሮች የሚሠሩት ጃፓኖች ራሳቸው ከ400 ሲሲ በላይ ለሆነው ሌላ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው ግዛት ይሄ ደረጃ የለም፣ ስለዚህ ደረጃውን ለራስህ የምታወጣው አንተ ነህ።

እንግዲህ እንዴት ትጀምር?

ሞተር ከመግዛትህ በፊት ትምህርቱን ተመዝገብ። የሞተርሳይክል ደህንነት ፋውንዴሽን የጀማሪዎች ኮርስ በብዙ ግዛት አለ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ያልቃል። ሞተሩንም እነሱ ናቸው የሚሰጡህ፣ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው፣ ቢወድቁ የሚወድቁት የነሱ ናቸው። በብዙ ግዛት ኮርሱን ካለፍክ የመንገድ ፈተናው ይቀርልሃል። እዚያ ሁለት ቀን ቆይተህ ሞተር ለኔ አይሆነኝም ብትል እንኳን ያተረፍከው ብዙ ነው።

ከዚያ ለመግዛት ስትሄድ ከ300 እስከ 500 ሲሲ ያለውን እይ። መልኳ ስፖርት እንድትሆን ከፈለግህ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 እና ያማሃ አር 3 አሉ፣ ሁለቱም ከ40 እስከ 50 ፈረስ መሃል ናቸው፣ ክብደታቸውም 170 ኪሎ ገደማ። ቀና ብለህ መቀመጥ ከመረጥክ ኬቲኤም 390 ዱክ ወይም ሆንዳ ሲቢ500ኤፍ። ሀይዌይ ላይ ታንሳለች ብለህ አትፍራ፣ ኒንጃ 400 ዋሽንግተንን ከሚዞረው ሀይዌይ፣ ከቤልትዌይ ትራፊክ ጋር እኩል ሄዳ ትርፍ አላት። ሱቅ ውስጥ ተቀመጥባት። ሁለቱም እግርህ መሬት ይንካ። ከጎንዋ ቆመህ ወደፊትና ወደ ኋላ ግፋት፣ ክብደቷን እጅህ ይወቀው። ያገለገለ ግዛ፣ አንድ ቀን ሞተሯን መጣልህ አይቀርም፣ አዲስ ላይ ሲሆን ልብ ይሰብራል። የእጄታዎቹን ጫፍና የእግር ማሳረፊያዎቹን ጫፍ ተመልከት፣ የተፋቀ ከሆነ ወድቃለች። ሳትፈርም ደግሞ ኢንሹራንስ ደውለህ ዋጋ ጠይቅ፣ ለኒንጃ 400 እና ለአር 6 ለየብቻ። የአክስቴን ልጅ ግማሽ ያሳመነው የኔ ንግግር ሳይሆን ይሄ ስልክ ነው።

ከሞተሯ ዋጋ ውጪ ለልብስ ገንዘብ ያዝ። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንት፣ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ጫማ። ጫማውን አደራ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልግና ደጋግመህ ተለማመድ። ነዳጅ ሳትሰጥ በፍሪሲዮን ብቻ ሞተሯን አንቀሳቅሳት፣ የምትይዝበትን ነጥብ ጣትህ እስኪያውቀው። ከዚያ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየመጣህ ቁም። የፊት ፍሬኑን አትጨብጥ፣ ቀስ እያልክ ጭመቀው፣ ሎሚ እንደምትጨምቅ። አብዛኛው የማቆም ጉልበት ያለው እሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ፈርተህ አትተወው፤ ግን መሪው ታጥፎ እያለ አትንካው፣ በዝግታ ስትዞር የኋላውን ተጠቀም። ስትዞር መሬት አትይ፣ አገጭህን መሄድ ወደምትፈልግበት አዙር። ፍጥነት ሲኖርህ ደግሞ ወደ ግራ ለመታጠፍ የመሪውን ግራ ወደፊት ግፋ፣ ሞተሯ ራሷ ወደ ግራ ትተኛለች። መጀመሪያ ግራ ይገባሃል። አንድ መቶ ጊዜ ካደረግከው በኋላ መኪና ድንገት ሲገባብህ እጅህ ሳይጠይቅህ ያደርገዋል።

የመጀመሪያውን ሁለት ወር ሰው አታፈናጥ። ፍቅረኛህም ብትለምንህ። ክብደቱ ፍሬኑንም ሚዛኑንም ይለውጥብሃል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ሁሉ አላየኝም ብለህ አስብ። እውነትም ብዙ ጊዜ አያይህም።

«ትንሿ ቶሎ ትሰለቸኛለች» ለሚለው ደግሞ መልሴ ይሄ ነው፦ ትሰልችህ። ከተሰላቸህ ሽጣት፣ ኒንጃ 400 ያገለገለም ቢሆን ገዢ አያጣም። ግን ከመሸጥህ በፊት ዝናብም ሌሊትም ነድተሃት ዓመት ይሙላህ። ቀጥሎ ከአራት ሲሊንደሯ 600 በፊት ባለ ሁለት ሲሊንደር መካከለኛ ሞክር፣ ኒንጃ 650 ወይም ያማሃ ኤምቲ 07፣ 70 ፈረስ አካባቢ ናቸው። አር 6 ከዚያ በኋላም ትጠብቅሃለች። ያኔ የገዛሃት እንደሆነ ደግሞ የውድድር ሜዳ ውሰዳትና እዚያ ክፈታት፣ የተሠራችው ለዚያ ነው።

የአክስቴ ልጅ ኮርሱን ተመዝግቧል። የአር 6 ፎቶ አሁንም ስልኩ ስክሪን ላይ አለ፣ አውልቀው አላልኩትም። ቅዳሜ ፍሬድሪክ ከተማ ድረስ አንዲት ያገለገለች ኒንጃ 400 ልናይ እንሄዳለን። ሄልሜቱን ቀድሞ ገዝቷል፣ ጫማውን ገና።