አዲሱ የፑል ፓምፕ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ሽቦውን ለኩ

ላስ ቬጋስም ሆነ ዳላስ፣ ጓሮው ፑል (የመዋኛ ገንዳ) ያለበት ቤት የገዛ ሰው አንድ ቀን ፓምፕ መቀየሩ አይቀርም። አሮጌው ይቃጠላል፣ አዲሱ ይገዛል፣ ሽቦው እንደነበረው ይታሰራል። ከዚያ ብሬከሩ ሲበራ ፓምፑ እምምም ብሎ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ ድምፅ የለም። ብዙ ሰው ወዲያው "የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ" ይላል። ቆይ! ፓምፑን ከመመለሳችሁ በፊት ወደ እሱ የሚመጣው ሽቦ ስንት ቮልት እንዳለው እወቁ።

አገር ቤት ኤሌክትሪክ የነካካ ሰው በተለይ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። እኛ የምናውቀው 220 አንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) እና አንድ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ 240 የሚገኘው ግን ከሁለት ፌዝ ነው፤ እያንዳንዱ ከግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር ሲለካ 120፣ እርስ በርሳቸው ሲለኩ 240። ስለዚህ በ240 የሚሠራ ፓምፕ ላይ ሁለቱም ሽቦ ይገድላል። አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ ፓምፑን ያቆመዋል እንጂ ሌላው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። ነጭ ሽቦ ስላያችሁም ኒውትራል ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ ሁለቱን ሽቦ ከፓምፑ ፍቱ፣ ጫፎቹ እንዳይነካኩ አራርቁ። አብሩና በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ፣ ከዚያ መልሳችሁ አጥፉ። ቴስተር ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት።

በሁለቱ መካከል 240 አካባቢ ካገኛችሁ መስመሩ ደህና ነው። 120 ካገኛችሁና አንደኛው ሽቦ ከግራውንድ ጋር ዜሮ ካሳየ መስመሩ የ120 ነው። እያንዳንዱ ከግራውንድ ጋር 120 እያሳየ በመካከላቸው ዜሮ ከሆነስ? ሁለቱም ከአንድ ፌዝ ነው የመጡት፤ ጥፋቱ ፓነሉ (የብሬከሮቹ ሳጥን) ውስጥ ነው፣ ፓምፑን ብትቀያይሩት ለውጥ የለውም።

አሁን የፓምፑን ጀርባ ክዳን ክፈቱ። ብዙዎቹ ባለ አንድ ፍጥነት ሞተሮች በ115ም በ230ም ይሠራሉ፤ የሚመርጡበት ትንሽ ማዞሪያ ወይም የሚነቀል ሶኬት አላቸው (115 የሚለው ለ120 መስመር፣ 230 የሚለው ለ240 መስመር ነው)። 230 ላይ ያለ ሞተር 120 ሲያገኝ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሞክራል። 115 ላይ ያለው 240 ካገኘ ግን ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ክዳኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ኤሌክትሪኩ ጠፍቶም ቻርጅ ይይዛልና በእጅ አትንኩት።

ከሐምሌ 2021 ወዲህ በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ብዙዎቹ አዳዲስ ፓምፖች ፍጥነታቸው የሚቀያየር ናቸው። የራሳቸው ሰዓት ስላላቸው አምራቹ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ እንዲያገኙ ይፈልጋል። አሮጌውን ፓምፕ በሰዓት ያበራና ያጠፋ በነበረው ታይመር ላይ ሎድ በሚለው (ታይመሩ በሚቆርጠው) በኩል ከታሰሩ ታይመሩ በዘጋ ቁጥር ይሞታሉ፤ መታሰር ያለባቸው ላይን በሚለው (ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ በሚገባበት) በኩል ነው። ጨው ወደ ክሎሪን የሚቀይር መሣሪያ ካላችሁ ግን እሱን አብራችሁ ወደዚያ እንዳታዞሩት! ፓምፑ ቆሞ እሱ ከሠራ ቧንቧው ውስጥ አደገኛ ጋዝ ይጠራቀማል።

ጂኤፍሲአይ ብሬከሩ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው) በበራ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ይሆናል። ሌላው፣ ከብሬከሩ የሚወጣው የተጠቀለለ ነጭ ሽቦ ፓነሉ ውስጥ ካለው የኒውትራል ማሰሪያ ጋር መገናኘት አለበት፣ ፓምፑ ኒውትራል ባይጠቀምም። ብሬከሩ አስቸገረ ብሎ በተራ ብሬከር መቀየር ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

በመጨረሻ የፓምፑ አካል ላይ በብሎን የሚታሰረውን ወፍራም ራቁት መዳብ ፈልጉ። ከአረንጓዴው ግራውንድ የተለየ ነው። በገንዳው ዙሪያ ያሉትን ብረቶች አንድ ላይ ያስራል፤ ዋናተኛው በሁለት የተለያየ ቮልቴጅ መካከል እንዳይገባ የሚጠብቀው እሱ ነው። ባይታሰርም ፓምፑ ይሠራል፣ ስለዚህ ሰው ይረሳዋል። አጥሮ ካልደረሰ ወይም ዝጎ ከተበጠሰ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ እስኪታሰር ድረስም ልጆቹን ገንዳው ውስጥ አታስገቡ።