ከፊደሉ በፊት ቁጥሩ፦ በካይሮና በጅዳ ዋጋ፣ ታርጋና ቀን ማንበብ

ወደ ካይሮ፣ ጅዳ ወይም ሪያድ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው 28ቱን የዓረብኛ ፊደላት ለመሸምደድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ይሰለቻል። ፊደላቱ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ መልካቸውን ይለዋውጣሉ፤ አጭር አናባቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። እንደ ሀሁ ያዩትን ሁሉ ድምፅ ሰጥቶ ማንበብ የለም። ቁጥሮቹም እዚያ መልካቸው ከለመድነው 1፣ 2፣ 3 ይለያል፤ ግን አሥር ብቻ ናቸው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይያዛሉ። ዋጋው፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የታክሲው ታርጋ ያለው እነሱ ላይ ስለሆነ ከእነሱ ጀምሩ።

ለግዕዝ ፊደል አንባቢ ቀላሉ መንገድ ይኸው። 0 ነጥብ ብቻ ናት። 1 ቀጥ ብሎ የቆመ ሰረዝ ነው። 5 ዐይኑ ዐ ነው፣ ክብ። 7 ታቿ የሾለ ሀ፣ 8 አናቷ የሾለ ሰ ናት። 9 የለመድነው 9 ነው። 4 በመስታወት የታየ 3 ይመስላል። 6 ደግሞ እኛ 7 ብለን የምናነበው ቅርጽ ነው። የቀሩት 2 እና 3 ሁለቱም የቆመ ግንድ አላቸው፤ አናታቸው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ 2 አንድ ጎድጓዳ፣ 3 ሁለት ጎድጓዳ ይሠራል።

ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ቅርጽ ሳይሆን የሚያውቀው በሚመስለው ነው። ክብ አይቶ ዜሮ ይላል፣ ነጥብ አይቶ የሳንቲም ምልክት ይላል። ሰረዝና ክብ 10 ሳይሆን 15 ነው። ክብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ደግሞ 500 ነው። በሆቴል በር ላይ 7፣ ነጥብ፣ ክብ የሚመስል ነገር ካያችሁ ክፍሉ 605 ነው። እውነተኛው የሳንቲም መለያ ኮማ የመሰለ ጭረት ነው።

ገበያ ውስጥ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የእጅ ጽሑፍ። ብዙ ሰው በእጁ ሲጽፍ የ2ን ጎድጓዳ ትቶ ገን የመሰለ ቅርጽ ያወጣል፤ 3ን ደግሞ በኅትመት 2 እንደሚጻፈው በአንድ ጎድጓዳ ይጽፋል። ስለዚህ ብርቱካኑ ላይ በካርቶን የተሰካው «25» 35 ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ሻጭ ሌሎች ካርቶኖች ተመልከቱ፤ ገ የመሰለ ቁጥር ካገኛችሁ 2 እሱ ነው፣ ባለ ጎድጓዳው 3 ነው። ካላገኛችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት በጣት አስቆጥሩ።

ለመለማመድ የሳዑዲን አዲሱን ታርጋ የሚያህል መምህር የለም። ላይኛው መስመር በእነሱ ቁጥር፣ ታችኛው በእኛ ተጽፏል፤ ላዩን አንብባችሁ በታቹ አርሙ። መንገድ ላይ ሃያ መኪና ካነበባችሁ ይበቃል። ግብፅ ውስጥ ታርጋው ላይ የእነሱ ቁጥር ብቻ ስላለ በስልክ የጠራችሁትን ታክሲ ለመለየት ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። የግብፅ የወረቀት ብር ግን አንዱ ገጹ በዓረብኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ነውና እያገላበጡ መማር ይቻላል። (ለነገሩ ዓረቦቹ ራሳቸው እነዚህን «የህንድ ቁጥር» ይሏቸዋል። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዝያ ከሄዳችሁ ግን አያስፈልጓችሁም፤ እዚያ የሚጻፈው የለመድነው ነው።)

አቅጣጫው ግራ ያጋባል። ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቁጥሩ ግን እንደ እኛ ነው፤ ትልቁ ቤት በግራ ነው። ሁለት ቁጥሮች በሰረዝ ሲያያዙ ግን እንደ ፊደሉ ከቀኝ ይጀመራል። የሱቅ በር ላይ በቀኝ 9፣ በግራ 5 ካለ ሱቁ በ9 ይከፈታል፣ በ5 ይዘጋል። ሰዓቱም የእኛ አቆጣጠር አይደለም፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት ማለት ነው።

ቀንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ዕለቱ በቀኝ፣ ዓመቱ በግራ ይውላል። ዓመቱ በ14 ከጀመረ የሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) ነው። በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በውል ላይ 1447 ብታዩ ስህተት አይደለም፣ ነገር ግን በግምት ደምራችሁ አትለውጡት። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ልዩነቱ በየዓመቱ ይንሸራተታል። ስልካችሁ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሂጅራን ጨምራችሁ ዕለቱን አመሳክሩ። መድኃኒት ላይ ዓመቱ በሁለት አሃዝ ብቻ ተጽፎ ዕለቱ የቱ እንደሆነ ካልለየላችሁ ፋርማሲው ውስጥ ሳላችሁ ጠይቁ፣ ቤት ገብታችሁ አትገምቱ።