"የጨጓራ ባክቴሪያን ይገድላል" የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ "ኢን ቪትሮ" የምትለዋን ቃል ፈልጉ

ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ ኤች ፓይሎሪን (የጨጓራ ባክቴሪያውን) ድራሹን ያጠፋል "በጥናት ተረጋገጠ" የሚል ፖስት መቼም አይጠፋም። የጥናቱን ርዕስ ኮፒ አድርጋችሁ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ) ላይ ፈልጉትና አብስትራክቱን (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) እዩ፣ "ኢን ቪትሮ" ብቻ የሚል ከሆነ ሙከራው ላብራቶሪ ሳህን ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደለም። ከዛ የነገሩን ስምና የባክቴሪያውን ስም አብራችሁ ጻፉና በግራ በኩል ካሉት ፊልተሮች "ራንደማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያል" (ተሳታፊዎችን በዕጣ ከፍሎ የሚያወዳድር ሙከራ) የሚለውን ንኩ፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዛ ይወጣል።

ለምን ይለያያል ካላችሁ ሳህን ላይ ባክቴሪያው መደበቂያ የለውም (በረኪናም እኮ ይገድለዋል)፣ ጨጓራ ውስጥ ግን ንፍጥ መሰሉ ሽፋን ስር ይገባል፣ ዩሪየስ በሚባል ኢንዛይሙ ዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል፣ የበላነው ነገር ደግሞ ተበርዞ በሰዓታት ውስጥ ወደ አንጀት ይወርዳል። ነጭ ሽንኩርትን ብንወስድ ሳህን ላይ በደንብ ይሰራል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ግን ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች 10 ፍልቃቂ ከምግብ ጋር በልተው በትንፋሽ ምርመራ ሲታዩ ምንም ለውጥ አልመጣም፣ እዛው ሙከራ ላይ የተሰጠው ቢስመዝ የሚባለው መድሃኒት ግን ባክቴሪያውን አዳክሞታል፣ ስለዚህ ችግሩ ከምርመራው አልነበረም።

ሰው ላይ ጥናት አለመኖሩ ግን "አይሰራም" ማለት አይደለም፣ ገና አልተሞከረም ነው። ደም የሚያስመልሳችሁ ወይ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ካላችሁ ደግሞ ፐብሜዱን ትታችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።